ሞተሩ ከታች፣ ካሜራው ከላይ፦ ለቤት ሰራሽ ሰርኪዩት ቦርድ በካሜራ የሚታገዝ ትራፓኖ

እግራቸው በቀዳዳ የሚገባ የተለመዱ አይሲዎች (ባለ ብዙ እግር ቺፖች) የእግር ርቀት 2.54 ሚሊሜትር ነው። ፓዱ (እግሩ የሚበየድበት የመዳብ ክብ) 1.6 ሚሊሜትር ስፋት ቢኖረውና መሃሉ በ0.8 ፑንታ ቢበሳ፣ ዙሪያውን የሚቀረው መዳብ 0.4 ብቻ ነው። 0.3 ከሳቱ የብየዳው ሊድ በአንድ በኩል የሚይዘው ያጣል። በባዶ ዓይን ይህን ያህል መጠንቀቅ አድካሚ ስለሆነ ካሜራ ይገባል።

ብዙዎች ካሜራውን ከጠረጴዛው ስር ቀብረው ትራፓኖውን ከላይ ያወርዳሉ። እኔ ገልብጬ ነው የሠራሁት፤ ምክንያቱም የፋይበር ግላስ ዱቄት ወደ ታች ስለሚወርድ ከስር ያለ ሌንስ ቶሎ ይጋረዳል። በዚህኛው አሠራር ቦርዱ መዳቡን ወደ ላይ አድርጎ ይተኛል፣ ፑንታው ከታች ይወጋል። ዱቄቱ አሁን የሚያገኘው ሞተሩን ነውና፣ ከኮሌቱ (ፑንታውን ከሚጨብጠው ቀለበት) ስር ሰፊ የፕላስቲክ ሮንዴላ ካልታሰረ ኩሽኔታው ዕድሜ አይኖረውም።

ሞተሩ ባለ 12 ቮልት 775 ነው። ዘንጉ 5 ሚሊሜትር ስለሆነ 5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው የኢአር 11 ኮሌት መያዣ ይገባበታል፤ የካርባይድ (በጣም ጠንካራ ግን ተሰባሪ) ፑንታዎች እጀታ 3.175 ስለሆነ በመያዣው ውስጥ የሚገባው ኮሌት በዚያው ልክ ይሁን። በጎን ብሎን የሚጠብቁት ትናንሽ የነሐስ መያዣዎች ርካሽ ናቸው፣ ግን ፑንታውን ከመሃል ያዛንፉታል። ፍተሻው ቀላል ነው፦ በ0.8 ፑንታ የተበሳ ቀዳዳ የ1 ሚሊሜትር ፑንታ ካስገባ ማሽኑ ይወላገዳል። ካርባይድ ደግሞ መወላገድን አይችልም፣ ይሰበራል።

ሞተሩ ኤምጂኤን 12 በተባለ ቀጥ ያለ ተንሸራታች ሐዲድ ላይ ይሄዳል። የመሳቢያ ሐዲድም ይሠራ ነበር፣ ነገር ግን ወደ ጎን ይላላል። የእግር ፔዳል በብስክሌት ፍሬን ሽቦ ወደ ላይ ይስበዋል፣ ሞላ ይመልሰዋል። ፑንታው ከቦርዱ በላይ ከ2 ሚሊሜትር አልፎ እንዳይወጣ ማቆሚያ ብሎን ያስፈልጋል። ጠረጴዛው 3 ሚሊሜትር የአልሙኒየም ላሜራ፣ ቀዳዳው 4 ሚሊሜትር ነው። ኃይሉ ከአሮጌ ኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ይመጣል፦ አረንጓዴው ሽቦ ከጥቁር ጋር ሲገናኝ ይነሳል፣ 12 ቮልቱ በቢጫና በጥቁር መካከል ነው። ሞተሩ ሲነሳ የካሜራው ምስል ከተቆራረጠ ጥፋቱ የካርቦኖቹ ብልጭታ ነው። በሞተሩ ሁለት ጫፎች ላይ 100 ናኖ ፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር ይበየድና የሞተሩ ሽቦ ከዩኤስቢው ይራቅ።

ካሜራው ፎከሱ በእጅ የሚዞር ተራ ዌብካም ነው፣ ከቦርዱ 50 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታሰራል። አውቶ ፎከስ ያለው ከሆነ ይዘጋ፤ ሌንሱ ሲንቀሳቀስ ምስሉም አብሮ ይሸሻል። መዳብ እንደ መስታወት ስለሚያበራ ቦርዱን የሚያበራው የኤልኢዲ መብራት ፊት በነጭ ወረቀት ይሸፈን።

ዋናው ሥራ ፑንታው የሚወጣበትን ነጥብ በስክሪኑ ላይ የሚያሳየው መስቀል ነው። በኦቢኤስ (የቪዲዮ ፕሮግራም) ውስጥ ጀርባው ግልጽ የሆነ የመስቀል ምስል በካሜራው ላይ ይደረባል። ልኩ የሚወሰደው ከፑንታው ጫፍ ሳይሆን በቁርጥራጭ ቦርድ ላይ ከተበሳ ቀዳዳ ነው፤ ጫፉ ከቆመበት ይልቅ ቀዳዳው የወጣበት ነው እውነቱ። ፑንታ በተቀየረ ቁጥር ይህ ይደገማል። የልክ ቁርጥራጩም እንደሚበሳው ቦርድ 1.6 ሚሊሜትር መሆን አለበት፦ ካሜራው 5 ዲግሪ ካዘነበለ የ1 ሚሊሜትር ከፍታ ልዩነት ወደ 0.09 ሚሊሜትር ያሳስታል። የጎበጠ ቦርድም እንዲሁ።

ከኪካድ (የሰርኪዩት ቦርድ መንደፊያ ፕሮግራም) ሲታተም የቀዳዳ ምልክቱ ትንሹ ይመረጥ። ከመዳቡ በኩል በእጅ ሲበሳ ያ ነጥብ ፑንታውን ይመራል፤ እዚህ ግን ፑንታው ከጀርባ ስለሚመጣ የሚመራው ዓይንን ብቻ ነው። ከጀርባ መብሳት ሌላም ዋጋ አለው፦ ፑንታው ቦርዱን ወደ ላይ ያነሳል፣ የደነዘዘ ከሆነም ፓዱን ይገነጥላል። ስለዚህ 6 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው ፕሌክሲግላስ በሞላ ከላይ ይጫነዋል፣ መስቀሉም በዚያ ቀዳዳ ይታያል። የብረት ፑንታ ኤፍአር 4 (የፋይበር ግላስ ቦርድ) ላይ ቶሎ ስለሚደነዝዝ በዚህ ማሽን ላይ ቦታ የለውም።

መነጽርና የአቧራ ማስክ ግዴታ ናቸው፤ የመስታወት ዱቄት ነው የሚተነፈሰው።

በካሜራ የሚበሳው በ0.8 ብቻ ነው፣ ሁሉም ቀዳዳ። ለ1ኤን4007 ዳዮድና ለፒን ሄደር 1.0፣ ለብሎን ተርሚናል 1.3፣ ለኤም 3 ብሎን 3.2 የሚሆኑት በኋላ በተራ የብረት ፑንታ በእጅ ይሰፋሉ፤ የመጀመሪያው ቀዳዳ ራሱ ይመራቸዋል።