«የይለፍ ቃልዎ ተሳስቷል» የሚለው ሲስተም

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት አይቲ ክፍል ስልክ እረፍት አጣ። በጃቫ (የፕሮግራም ቋንቋ ነው) የተሠራው የደመወዝ ሲስተም ማንንም አላስገባ ብሏል፤ ስክሪኑ የሚያሳየው «የይለፍ ቃልዎ ተሳስቷል» ነው። አንዲት አንጋፋ የሒሳብ ሠራተኛ ደውለው «የኔ ልጅ፣ አርብ ሲሠራ የዋለ የይለፍ ቃል ሰኞ እንዴት ይሳሳታል?» አሉ። ጥያቄያቸው ቁልፍ ነበር፣ ግን የሰማቸው የለም። እስከ ረፋድ የብዙ ሰው የይለፍ ቃል ሪሴት ተደረገ፤ አዲሱም አልሠራም። በዚያው ቃል ግን ሁሉም ኮምፒውተራቸውን ከፍተው ይሠሩ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት አስተዳዳሪው በዶሜይን ኮንትሮለሩ (የሠራተኞችን መግቢያ በሚያረጋግጠው ሰርቨር) ሬጂስትሪ፣ ማለትም የቅንብር መዝገብ፣ «ኤልዳፕ ሰርቨር ኢንተግሪቲ» የሚባለውን ዋጋ 2 አድርጎት ነበር፤ አክቲቭ ዳይሬክተሪው (የማይክሮሶፍት የተጠቃሚዎች መዝገብ) በኤልዳፕ፣ ማለትም ፕሮግራሞች እሱን በሚያነጋግሩበት ፕሮቶኮል፣ ያልተፈረመና (በመንገድ እንዳልተለወጠ ማረጋገጫ የሌለው) ያልተመሰጠረ መግቢያ እንዳይቀበል ማለት ነው። ተገቢ እርምጃ ነው። የደመወዝ ሲስተሙ ግን በፖርት (የግንኙነት በር) 389፣ ያለ ምስጠራ፣ «ሲምፕል» በሚባለው ስልት ነበር የሚገባው። ሰርቨሩ ኮድ 8 መለሰለት፦ ከዚህ የጠነከረ ማረጋገጫ አምጣ። የይለፍ ቃሉ ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ኮዱ 49 ይሆን ነበር፤ አክቲቭ ዳይሬክተሪ በ49 ላይ ንዑስ ቁጥርም ይጨምራል፣ 532 ከሆነ የይለፍ ቃሉ ጊዜ አልፏል፣ 775 ከሆነ አካውንቱ ተቆልፏል።

ታዲያ ሁለቱ እንዴት ተምታቱ? ጄኤንዲአይ (የጃቫ ፕሮግራም ዳይሬክተሪን የሚያናግርበት ክፍል) 49ን ወደ «ኦተንቲኬሽን ኤክሴፕሽን» ይለውጠዋል፤ ኤክሴፕሽን በጃቫ የስህተት ዓይነት ነው። 7ን (ስልቱ አይደገፍም)፣ 8ን፣ 13ን (ምስጠራ ያስፈልጋል) እና 48ን (ተገቢ ያልሆነ ማረጋገጫ) ደግሞ ወደ «ኦተንቲኬሽን ኖት ሰፖርትድ ኤክሴፕሽን»። ስማቸው ቢቀራረብም አንዱ ከሌላው አይወርስም፤ ወንድማማቾች ናቸው፣ ወላጃቸው «ኔሚንግ ሴኩሪቲ ኤክሴፕሽን» ነው። የደመወዝ ፕሮግራሙ የያዘው ወላጁን ስለነበር የሁለቱም መልእክት አንድ ሆነ። የስህተቱ ጽሑፍ ሎግ ላይ ቢሰፍር ኖሮ ቁጥር 8 ራሱ ይናገር ነበር፤ ጄኤንዲአይ ቁጥሩን ለብቻው አይሰጥም፣ ከጽሑፉ ውስጥ ነው የሚነበበው።

ቸኩሎ የቀረበው መፍትሔ ከችግሩ የባሰ ነበር፦ ስልቱ ካልተደገፈ ወደ «ነን» ውረድ። «ነን» ማለት ስም የለሽ መግቢያ ነው። ሰርቨሩ ግንኙነቱን ከተቀበለ፣ ፕሮግራሙ የማንንም ማንነት ሳያረጋግጥ «ገብቷል» ይላል። ባዶ የይለፍ ቃልም እንዲሁ ነው፤ አንዳንድ ሰርቨር ባዶውን እንደ ስም የለሽ ቆጥሮ ያሳልፈዋል፣ ስለዚህ ወደ ሰርቨሩ ከመላኩ በፊት ፕሮግራሙ ራሱ ውድቅ ማድረግ አለበት። ስልት ሲከለከል ወደ ጠንካራው ከፍ ማለት እንጂ ወደ ደካማው መውረድ የለም።

ትክክለኛው ጥገና አድራሻውን ወደ ኤልዳፕስ (የተመሰጠረው ኤልዳፕ)፣ ፖርቱን ወደ 636 መለወጥ፣ የመሥሪያ ቤቱን ሰርተፊኬት ሰጪ ሥር ሰርተፊኬትም በኪቱል (የጃቫ ሰርተፊኬት ማስተዳደሪያ መሣሪያ) ወደ ጃቫው ትረስትስቶር (የሚታመኑ ሰርተፊኬቶች ማከማቻ) ማስገባት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሰናከላሉ፦ ከጃቫ 8 ማሻሻያ 181 ጀምሮ የሰርቨሩ ስም ከሰርተፊኬቱ ጋር ይመሳከራል። በአይፒ ቁጥር የሚገናኝ ሲስተም በዚህ ይወድቃል፣ ስህተቱም የማረጋገጫ ሳይሆን የግንኙነት ሆኖ ይመጣል። ማመሳከሪያውን ማጥፋት ይቻላል፤ ግን አይደረግ፣ ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ሙሉ ስም ይጻፍ።

በፕሮግራሙ በኩል፣ «ያልተደገፈ» የሚለው ለብቻው ተይዞ ለተጠቃሚው «የሲስተም ችግር አለ፣ የይለፍ ቃልዎን አይቀይሩ» ይባል፤ ለአይቲ ክፍሉ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይላክ።

የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። በሲምፕል መግቢያ የይለፍ ቃሉ የሚላከው ከጥያቄው ጋር ነው፤ ሰርቨሩ «አልቀበልም» ከማለቱ በፊት ቃሉ በ389 በኩል በግልጽ ጽሑፍ ኔትወርኩ ላይ አልፏል። በዚያ ጠዋት ሪሴት የተደረጉት አዳዲሶቹም እንዲሁ። ስለዚህ 636 ከተስተካከለ በኋላ ሁሉም እንደገና መቀየር ነበረባቸው።

ሬጂስትሪውን ከማጥበቅ በፊት ደግሞ የኤልዳፕ ኢንተርፌስ ምዝገባን ወደ ደረጃ 2 ከፍ አድርጎ ኢቨንት (የክስተት መዝገብ) 2889ን ለጥቂት ሳምንታት መሰብሰብ ይበጃል። ያልተፈረመ መግቢያ የሚጠቀመውን አይፒና አካውንት አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ከደመወዝ ሲስተም ሌላ፣ ኢሜይል አድራሻ ከዳይሬክተሪው የሚፈልግ ስካነርም እዚያ ሊገኝ ይችላል።