ጋሼ የሚጠግኑት፣ እኔ የምሰነጥቀው

ሐዋሳ፣ ቅዳሜ ማታ

የግራ አውራ ጣቴ ተቃጥሏል። ክር የምጫንበት ጣት ባለመሆኑ ተመስገን ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ አንድ ነገር ላይ ተተክዬ ከረምኩ። ቲዩብ ስክሪመር የሚባለው አረንጓዴ የጊታር ፔዳል፣ በእግር እየተረገጠ የጊታርን ድምፅ የሚሰነጥቅ ትንሽ ሳጥን። ቲኤስ 808 የሚባለውን ሞዴሉን ማክሰን የተባለ የጃፓን ኩባንያ አይባኔዝ ለሚባለው የጊታር ብራንድ የሠራው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ወጣ። እሱን የመግዛት አቅሙም፣ ይዞልኝ የሚመጣ ዘመድም የለኝም። ስለዚህ ራሴ ልሠራው ተነሳሁ። ያውም ድምፁ የግድ የሚፈልገውን ዕቃ ብቻ አስቀርቼ።

ዕቃ ፍለጋ መናኸሪያ አካባቢ ያለ አንድ ጥገና ቤት ሄድኩ። ባለቤቱን ጋሼ ነው የምላቸው። ጥግ ላይ የሞቱ ቦርዶች የሞሉበት ካርቶን አላቸው።

"ምን ልትሠራበት ነው?"

"የጊታር ድምፅ የሚሰነጥቅ ነገር፣ ጋሼ።"

ትንሽ ዝም ብለው አዩኝ። "አንተ ልጅ፣ ሰው ስፒከሬ ድምፁ ተሰነጠቀ ብሎ ሊያለቅስ ምንም ሳይቀረው ይመጣል። አንተ ደግሞ ሰንጥቄ ላምጣ ትላለህ?"

ምን ይመለሳል? ካርቶኑን ግን በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ። ከአንድ የሞተ ሚክሰር ውስጥ 4558 የተጻፈበት ባለ ስምንት እግር አይሲ ነቀልኩ፤ ፔዳሉ ውስጥ የጊታሩን ሲግናል የሚያጎላው እሱ ነው። ጊታር ተጫዋቾች እንደ ቅርስ የሚሳሱለት ቁጥር አቧራ ለብሶ ካርቶን ውስጥ ተኝቷል። ድምፁን የሚሰነጥቁት 1ኤን4148 ዳዮዶችም ከዚያው ተገኙ። ብር ሳወጣ "ሻይ ትጋብዘኛለህ" ብለው መለሱልኝ።

መጀመሪያ የጣልኩት ማብሪያ ማጥፊያውን ነው። ኦሪጅናሉ ላይ ፔዳሉን በእግር ለማብራትና ለማጥፋት ብቻ የተሰለፉ ትራንዚስተሮች አሉ። እኔ ቤት ውስጥ ነው የምጫወተው፤ ካልፈለግሁት ኬብሉን እነቅላለሁ። ቀጥሎ መግቢያና መውጫ ላይ ያሉትን ሁለት ትራንዚስተሮች አስወገድኩ። አይሲው ራሱ ጊታሩን ሳያደክም መቀበል ይችላል።

እዚህ ላይ ተሸወድኩ። ትራንዚስተሩን ሳወጣ አብራው ያለችውን ሬዚስተርም ጣልኳት። ባትሪው 9 ቮልት ነው፤ ሁለት እኩል ሬዚስተሮች ለሁለት ከፍለው 4.5 ያደርጉታል፤ አይሲው ሲግናሉን ወደላይም ወደታችም የሚያወዛውዘው ከዚያ መሀል ተነስቶ ነው። መሀሉን ለመግቢያው የምትነግረው ያቺ የጣልኳት ሬዚስተር ነበረች። ሁለት ማታ ሙሉ ጭጭ። አይሲውን ጠረጠርኩ፣ ኬብሉን ጠረጠርኩ፣ ጋሼንም በሆዴ አማሁ። በሦስተኛው ማታ ቴስተሩን መውጫው እግር ላይ ባደርግ 4.5 መሆን የነበረበት ወደላይ ወጥቶ ተጣብቋል። አንዲት 470 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በየድኩና ጊታሩ ጮኸ።

አጯጯሁ ደስ ይላል። ሁለቱ ዳዮዶች ፊትና ጀርባ ሆነው ከአይሲው መውጫ ወደ መግቢያው በሚመልሰው መንገድ ላይ ተቀምጠዋል። ቮልቴጁ ወደ 0.6 ሲጠጋ ይከፈቱና የሲግናሉን ጫፍ ያጎብጡታል። የጊታሩ የራሱ ሲግናል ግን ሳይቆረጥ አብሮ ይወጣል። ለዚህ ይመስለኛል ክሩን ለስለስ አድርጌ ስነካው ድምፁም የሚለሰልሰው።

ከዚያ ደግሞ ላሻሽለው አማረኝ። ኦሪጅናሉ ላይ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 0.047 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አሉ። ሁለቱ ተጋግዘው ከ720 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ እየወረደ በሄደ ቁጥር ማጉላቱን ይቀንሱበታል። ቤዙ ለምን ይቀርብኛል አልኩና 473 የተጻፈባትን ያቺን ካፓሲተር ነቅዬ በትልቋ፣ 224 በተጻፈባት (0.22 ማይክሮፋራድ) ተካሁ። ወፍራሙን ክር ስመታው ድምፁ እንደ ክረምት ጎርፍ ደፈረሰ። የትኛው ኖታ እንደሆነ እንኳ አይለይም። 473ን አንገቴን ደፍቼ መለስኳት። ለነገሩ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ተጫዋቹ ግራ እጁን የማያስገባበት ቦታ የለም፤ ታች ያለውን ለእሱ ልተውለት።

ሳጥኑ መጀመሪያ የፕላስቲክ የሳሙና ዕቃ ነበር። እጄን ባስጠጋሁ ቁጥር እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል። ዛሬ ጠዋት ወደ ወተት ዱቄት ቆርቆሮ አዛወርኩትና ግራውንዱን፣ ማለትም የዜሮ ቮልት መስመሩን፣ ቆርቆሮው ላይ በየድኩ። ቆርቆሮ ሙቀት እንደሚያስተላልፍ ያስታወስኩት በአውራ ጣቴ ነው። ጩኸቱ ግን ጸጥ አለ።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ጋ ይዤው ሄድኩ። አንድ ትንሽ ስፒከር ላይ ሰክተን ትዝታን ቀስ ብዬ ጀመርኩ፣ ከዚያ ድራይቩን፣ የስንጠቃውን መጠን የሚወስነውን ቁልፍ፣ እስከመጨረሻው ከፈትኩት። ጋሼ ፊታቸውን አጨማደዱ። ትንሽ ታገሱና እጃቸውን ዘርግተው ቁልፉን እስከመጨረሻው ወደ ግራ አዞሩት።

"አሁን ዳነ" አሉ።

እዚያ ላይም ሆኖ ሲግናሉን ወደ 12 እጥፍ እንደሚያጎላው አልነገርኳቸውም። ሻዩን ጋበዝኳቸው።