የእድሩ ጥሩምባ

ዛሬ ከጎንደር ወደ ደምቢያ ወርጄ ነበር። የመገጭ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሲጥለቀለቅ ቀድሞ የሚደርስ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ለማደራጀት ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ማን ከብት ያሸሻል፣ ማን አቅመ ደካሞችን ይሸከማል የሚለው ቶሎ አለቀ። የቆየነው ማስጠንቀቂያው ላይ ነው።

አንድ ወጣት «በስልክ እንደዋወላለን» አለ። ሌሊት፣ ዝናብ እየወረደ፣ ኔትወርክ ቢጠፋስ? የእድሩን ጥሩምባ እንጠቀም ተባለና ሁሉም ተስማማ። ጥግ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡ አንዲት እናት ግን እጃቸውን አነሡ።

«ልጆቼ፣ ጥሩምባ ሲነፋ እኛ ማን ሞተ ብለን ወደ ለቅሶ ቤት ነው የምንሮጠው። ለቅሶ ቤት ያልነው ወንዙ ዳር ቢሆንስ?»

ሁላችንም ዝም አልን። ጥሩምባ ነፊው ተነሥተው ሞከሩ፤ ለሞት የተለመደው ረጅሙ፣ ለጎርፍ ሦስት አጫጭር። በሦስተኛው ላይ ሜዳው ውስጥ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ዘወር ብለው አዩን። እናታችን ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ቆዩና «እስቲ ድገመው» አሉ። ደገሙት።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ደምቢያንና ፎገራን ሲመታ የነበረውን ጭንቅ ዕድሜው የደረሰ ሁሉ ያስታውሳል። እኛ ከከተማ ገመድ፣ ባትሪና የስም ዝርዝር ይዘን እንሄዳለን፤ ሁሉም ያስፈልጋል። ሰው በጨለማ ድምፅ ሲሰማ እግሩ ወዴት እንደሚያመራ የሚያውቀው ግን እዚያው የሚኖረው ነው።

ሐምሌ ሳይገባ አንድ ሌሊት እንለማመዳለን። እናታችን ከአልጋቸው ሆነው ድምፁን ለይተው መስማታቸውን ይነግሩናል።