«አድጓል» ብለው ሰዓቱን ሊቀንሱበት ነበር

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አምስተኛ ክፍል ያለው ልጃችን ማንበብ ይከብደዋል። አይኢፒ አለው፤ ለእሱ ብቻ የተዘጋጀ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ዕቅድ ማለት ነው። የስቴቱን የዓመት ፈተና ግን እንደ ክፍል ጓደኞቹ ይፈተናል። ጸጥ ያለ ክፍልና ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠዋል እንጂ ፈተናው ያው ነው።

በቅርቡ ለስብሰባ ተጠራን። ፈተናው አራት ደረጃ አለው፤ ልጃችን ዘንድሮም የታችኛው ላይ ነው። ባለቤቴ ፊቷ ጠቆረ። መምህርቷ ቶሎ ብላ ኮምፒውተሯን ወደኛ አዞረችና ሌላ ቁጥር አሳየችን፤ 68። አምና ከእሱ ጋር ተቀራራቢ ነጥብ ከነበራቸው ልጆች ከመቶው 68ቱን በልጧል ማለት ነው። ማታ ማታ እንባው እየወረደ ያነብ የነበረ ልጅ! ደስታችን ወሰን አልነበረውም።

ይህ ቁጥር ለትምህርት ቤቱም ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የፌዴራል ሕግ ትምህርት ቤቶችን የሚመዝነው በዋናነት ስንት ልጅ አለፈ እያለ ነበር። እንደ ልጄ ያለው የቱንም ያህል ቢሻሻል፣ እስካላለፈ ድረስ ያው ወዳቂ ነው። በ2015 እሱን የተካው ሕግ ግን ስቴቶች ዕድገትንም እንዲቆጥሩ ፈቀደ። ሜሪላንድም ለትምህርት ቤቶች ኮከብ ስትሰጥ ዕድገትን ታያለች። ከእነዚህ ልጆች ጋር የሚለፋ መምህር ድካሙ ታየለት። ይህን ከልቤ እደግፋለሁ።

ግን ወዲያው ምን መጣ? «ጥሩ እያደገ ስለሆነ፣ ከንባብ መምህርቷ ጋር የሚቆይበትን ሰዓት ብንቀንሰውስ?» አሉን። አስተርጓሚዋ ደግማ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። (አስተርጓሚ መብታችን ነው። እንግሊዝኛ ብንግባባም ለእንዲህ ያለው ስብሰባ ባንተወው ጥሩ ነው።)

68 የተባለው እንደ እሱ ወደኋላ ከቀሩት ጋር ተወዳድሮ ነው። እነሱን በለጠ ማለት ክፍሉ ላይ ደረሰ ማለት አይደለም። ለዚህ ነው ደረጃውንም ዕድገቱንም አንድ ላይ ማየት ያለብን። ደግሞስ ያደገው በዚያው ሰዓት አይደል እንዴ? እንዲሁ አልኳቸው። በ2017 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ዕቅዱ ልጁ ካለበት ሁኔታ አንጻር ተገቢ መሻሻል የሚያመጣ መሆን አለበት ብሎ ወስኗል፤ ለስሙ ያህል ፈቀቅ ማለት አይበቃም።

ብዙ ተከራከርን። ሰዓቱ ሳይነካ ቀረ። ባለቤቴ ግን እስክሪብቶውን ከማንሳቷ በፊት ዕቅዱ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ በጣቷ እያሳየች ጮክ ብለው እንዲያነቡላት አደረገች።