ለቅሶ የሌለበት ድንኳን

እናቴ ድንኳን የምታውቀው ለሁለት ነገር ነው፤ ለሰርግና ለለቅሶ። እኔና እህቴ ኡጋንዳ ሄደን ድንኳን ውስጥ ልናድር ነው ስንላት «ማን ሞቶባችሁ?» አለች። ዋጋውን አልነገርናትም። የአንድ ሌሊቱ ሂሳብ ከወር የቤት ኪራዬ ይበልጣል። ከፋይዋ ከሜሪላንድ የመጣችው እህቴ ስለሆነች እኔም ብዙ አልተከራከርኩም።

ሐሳቡም የእሷው ነው። ዓመቱን ሙሉ ጎሪላ ጎሪላ ስትል ከርማለች። የተራራ ጎሪላ በዓለም ላይ የቀረው ሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንዱ ሩዋንዳ፣ ኮንጎና ኡጋንዳ የሚጋሩት የቪሩንጋ ተራራ ነው። ሌላው እኛ የሄድንበት፣ ደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ ያለው የብዊንዲ ጫካ። እ.ኤ.አ. በ2018 በተደረገ ቆጠራ እዚያ 459 ጎሪላ ተገኝቷል። የሁለቱ ቦታ ቢደመር ከ1,000 ትንሽ ቢያልፍ ነው።

የጎሪላ ማያ ፈቃዱ ለብቻው ይከፈላል። ለአሜሪካ ፓስፖርት 800 ዶላር፣ ለእኔ ግን አፍሪካዊት ስለሆንኩ 500። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከአሜሪካው ሲሻል በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ነው። እህቴ እስኪመራት አሾፍኩባት።

ከአዲስ አበባ እንቴቤ ሁለት ሰዓት ቢበር ነው። ከዚያ በኋላ ግን መኪና ብቻ። ኪሂሂ ድረስ በትንሽ አውሮፕላን መሄድ ይቻል ነበር፤ እህቴ «አገሩን ሳላይ?» ብላ አስቀረችው። አስር ሰዓት ፈጀብን። ካያብዌ ላይ ወርደን የምድር ወገብን በእግራችን ተሻገርን። መንገድ ዳር ሮሌክስ በላን፤ ሰዓቱን ሳይሆን በቻፓቲ የተጠቀለለውን እንቁላል። ከምባራራ ወዲያ የአንኮሌ ከብቶች ታዩ። እንዲያ ያለ ቀንድ ተሸክመው እንዴት ግጦሽ እንደሚግጡ እስካሁን ይገርመኛል።

ጫካው ጫፍ ላይ ካምፓችን ያለበት ቡሆማ ስንደርስ ጀንበር እየጠለቀች ነበር። አንድ ወጣት «አጋንዲ» ብሎ ሰላምታ ሰጠን። ሙቅ ፎጣና የዝንጅብል ሻይ አቀረበልን። «ጎሪላዎቹ ባለፈው ሳምንት እዚህ ግቢ ውስጥ ገብተው ነበር» አለን። ሁሌም የሚመጡት እንግዳ ከመድረሱ በፊት፣ ባለፈው ሳምንት ነው።

ድንኳን አልኩት እንጂ፣ የእንጨት መደብ ላይ የቆመ የሸራ ቤት ነው። ወለሉ ጣውላ ነው። ሁለት ሰፋፊ አልጋ፣ አጎበር፣ የገላ መታጠቢያ ገንዳ፣ የሚፋጅ ውሃ አለው። ከገንዳው ትይዩ ሸራው ሲጠቀለል ፊት ለፊት ጫካ ነው። እህቴ አፏን ከፍታ ቀረች። እኔ ዓይኔ ያረፈው በሩ ላይ ነው። በር የለውም፤ ዚፕ ነው ያለው። የምን ቁልፍ፣ የምን መቀርቀሪያ!

ከእራት በኋላ ዘበኛው በባትሪ እያበራ አደረሰን። ብቻችሁን አትውጡ አለን። አልጋዬ ውስጥ ገብቼ እግሬን ስዘረጋ፣ ለስላሳና ሙቅ ነገር ነካኝ። የጮኽኩትን ጩኸት ልጽፈው አልችልም። ዘበኛው እየሮጠ ተመለሰ። ብርድ ልብሱን ገልጦ ያወጣው ጨርቅ የለበሰ፣ ሙቅ ውሃ የተሞላ ላስቲክ ነበር። ሌሊቱ ስለሚበርድ አልጋ ማሞቂያ ብለው አስቀምጠውልን ነው። ልጁ ሳቁን ለመደበቅ ያየው መከራ!

እውነተኛው ድንጋጤ የመጣው እኩለ ሌሊት ነው። ከዛፉ ላይ አንድ ነገር መጮህ ጀመረ። መጀመሪያ ዘይት እንዳጣ በር ሲጢጥ አለ፤ ቀጥሎ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄዶ የሚታነቅ ሰው ድምፅ ሆነ። እህቴ ምንም ሳትናገር እኔ አልጋ ገባች። ጠዋት ስንጠይቅ የሽኮኮ ዘመድ ነው አሉን፤ ዛፍ ላይ የሚኖር፣ ጥንቸል የሚያህል። ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣነው።

ከዚያ ዘነበ። እኛ ያደግነው በቆርቆሮ ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮ ሁሉንም ድምፅ አንድ ያደርገዋል። ሸራ ግን ይለያል። ከቅጠል የሚንጠባጠበውን፣ በገመዱ የሚወርደውን፣ ከሩቅ እየቀረበ የሚመጣውን ለየብቻ ያሰማችኋል። የመንደራችንን የእድር ድንኳን አስታወስኩ። ክረምት ላይ ለቅሶ ከሆነ ባልዲ ከስሩ እናስቀምጣለን። ጣሪያውን በእጄ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው።

ጎሪላዎቹን ያየነው በማግስቱ ነው። ለአንድ ቤተሰብ በቀን ስምንት ሰው ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ለአንድ ሰዓት። የደረሰን ሙባሬ የሚባለው ቤተሰብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለጎብኚ መጀመሪያ የተከፈተው። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ከፍታው ምንም አይደለም፤ ቁልቁለቱና ጭቃው ነው ጉድ የሠራን። ሱሪያችንን ካልሲ ውስጥ ከተን፣ ለገብረ ጉንዳን። ጓንት አጠለቅን፣ ለሳማ። አሥር ሜትር ራቁ፣ ማስክ አድርጉ ተባልን። ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 ጎሪላዎቹን እከክ ይዟቸው አንድ ግልገል ሞቷል፤ በሽታው የመጣው ከሰው ነው። ያኔ ያከመቻቸው የእንስሳት ሐኪም ግላዲስ ካሌማ ዚኩሶካ በኋላ ድርጅት አቋቁማ የሰፈሩን ሰውና የጎሪላውን ጤና አንድ ላይ መከታተል ጀመረች።

ሁለት ሰዓት ተኩል ከተጓዝን በኋላ የሚመራን የፓርኩ ጠባቂ እጁን አነሳ። ቅጠሉ ተንቀሳቀሰ። አባወራው ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጦ ግንድ ይልጣል፤ በእንግሊዝኛ «ብር ጀርባ» እንደሚሉት፣ ጀርባው እውነትም ብር ነው። አንዴ ዞር ብሎ አየን፤ ጎረቤት መጥቶ ምሳ ሰዓት ላይ ሲያቋርጥህ እንደምታየው ዓይነት። ከዚያ ወደ ምግቡ ተመለሰ። እህቴ አለቀሰች። ቪዲዮዋ ሁሉ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወደ ባትዋዎቹ ወሰዱን። ባትዋ የዚህ ጫካ የጥንት ነዋሪዎች ናቸው፤ በአደንና በማር የኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 ጫካው ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን ውጡ ተባሉ። አብዛኞቹ መሬት አልተሰጣቸውም። አሁን ለጎብኚ የድሮ ኑሯቸውን ያሳያሉ። አንድ ሽማግሌ ሁለት እንጨት አፋትገው እሳት አወጡ። ከዛፍ ቅርንጫፍና ከቅጠል ጎጆ ቀልሰው «እዚህ ነበር የምንተኛው» አሉን በአስተርጓሚ። ከዚያ ደግሞ የት እንደምናድር ጠየቁን። በእጄ ወደ ካምፑ አመለከትኩ። ሽማግሌው ዞር ብለው አዩት።

«ዝናብ ያስገባል?» አሉ።

«አያስገባም» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ የምለው አጣሁ። ከሚስታቸው አንድ ቅርጫት ገዛሁ፤ ሳልከራከር። ያን ምሽት ገንዳው በሙቅ ውሃ ተሞልቶ ሲጠብቀኝ ፊቴን ብቻ ታጥቤ ተኛሁ። እህቴ ደክሞሽ ነው አለችኝ።

እንቴቤ አየር ማረፊያ ላይ ሆነን ለእናታችን ደወልን። ጎሪላውን፣ ሽኮኮውን፣ አልጋ ውስጥ ያገኘሁትን ላስቲክ ሁሉ ተረክንላት። ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች።

«ለመሆኑ ድንኳኑ ዝናብ አላስገባም?»

«ጠብ አላለም እማዬ።»

«እንግዲያው ሸራውን ከየት እንደገዙት ጠይቂልኝ። ለእድሩ እነግራቸዋለሁ።»