ሰዓቱን ትቶ ሙቀቱን ማየት፦ ሲጋርን ቀስ ብዬ ማጨስ እንዴት ለመድኩ

ሲጋር፣ ማለትም እንደ ሲጋራ በወረቀት ሳይሆን በራሱ በትምባሆ ቅጠል የተጠቀለለውን፣ ለሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚነገረው ምክር «በደቂቃ አንዴ ሳብ አድርግ» የሚል ነው። ለእኔም የተነገረኝ ይኸው ነው። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ችግሩ ሰዓት እያየ የሚያጨስ ሰው ሐሳቡ ከሰዓቱ ጋር እንጂ ከትምባሆው ጋር አለመሆኑ ነው። ደግሞ ሲጋር ሁሉ አንድ አይደለም። ወፍራሙ ሌላ፣ ቀጭኑ ሌላ፤ እርጥበት የበዛበት ሌላ፣ የደረቀው ሌላ። ነፋስ ካለ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ይመጣል። የእኔ አጨሳስ ፈር የያዘው ደቂቃ መቁጠሬን ትቼ ሙቀቱን መከታተል ስጀምር ነው።

እሳቱ የሚበረታው ስንስብ ነው። ፋታ ሲያገኝ ፍሙ አመድ ይለብስና በረድ ይላል። ፋታ ካልሰጠነው እየጋለ ይሄዳል፤ ለጢሱ ጣዕም የሚሰጡት ነገሮች ቀስ ብለው መውጣት ሲገባቸው አብረው ይከስላሉ፣ ጢሱም ሬት ሬት ይላል፣ ምላስ ይለበልባል። የከፋው ነገር፣ አንዴ ከመጠን በላይ የጋለ ሲጋር ቢበርድም ጣዕሙ እንደነበረው አይመለስም። ሬንጁ (ጢሱ የሚተወው ጥቁር ዝልግልግ ነገር) እና እርጥበቱ ወደ አፍ ወደሚያዘው ጫፍ ተስቦ እዚያው ተጠራቅሟልና።

እኔ የመጣሁት ከሲጋራ ነው። ከሲጋራ የመጣ ሰው ሁለት ልማድ ይዞ ይመጣል፤ ጢሱን ወደ ሳንባ መማግና አመዱን ቶሎ ቶሎ ማራገፍ። ሁለቱም ለሲጋር አይሆኑም። የሲጋር ቅጠል በአየር ከደረቀ በኋላ ተከምሮ ለረጅም ጊዜ ይብላላል፤ ጢሱም አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ኒኮቲኑ ሳንባ ድረስ መሄድ ሳያስፈልገው ከአፍ ውስጥ ስስ ቆዳ በቀጥታ ወደ ደም ይገባል። የሲጋራ ጢስ ግን አሲድነት ስላለው ነው አጫሹ ወደ ውስጥ የሚምገው። እንግዲህ ሲጋርን እንደ ሲጋራ የሚምግ ሰው በሁለት በር ኒኮቲን ያስገባል ማለት ነው፤ ራሱ ቢዞርና ላብ ቢያጠምቀው አይደንቅም።

እጅን ከዚህ ልማድ ማላቀቅ ከሳንባው ይልቅ አስቸገረኝ። ሲጋር በጣቶች መካከል እስካለ ድረስ እጅ ሳያስበው ወደ አፍ ይሄዳል። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ አንዴ ሳብ ካደረግሁ በኋላ መተርኮሻው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ይኸው ነው። እንደገና ለመሳብ ማንሳት ያስፈልጋል፣ ለማንሳት ደግሞ መፈለግ ያስፈልጋል። ከሰማኋቸው ምክሮች ሁሉ አንዱን ብቻ ያዝ ብባል ይህንን እይዛለሁ። በእርግጥ መተርኮሻው ለሲጋር የተሠራ፣ ሰፊ ማሳረፊያ ያለው ቢሆን ይሻላል። በትንሹ የሲጋራ መተርኮሻ ላይ ይንከባለልና አመዱን ይደፋል።

ሳነሣው ወዲያው ወደ አፌ አልወስደውም። ከፍሙ አንድ ጣት ያህል ራቅ ብዬ ልባስ ቅጠሉን (ሲጋሩን ከውጭ የሚጠቀልለውን) በሁለት ጣት እነካዋለሁ። ለብ ካለ ደህና ነው፤ ጣት የሚያስለቅቅ ሙቀት ካለው መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ሌላው ምልክት አፍ የሚገባው ጫፍ ነው። እየላላ፣ እየረጠበና እየሞቀ ከመጣ ፍጥነቱ ከልክ አልፏል። ሦስተኛው የጢሱ ሙቀት ራሱ ነው። በደንብ የሚጨስ ሲጋር ጢሱ ምላስ ላይ ቀዝቀዝ ብሎ ይሰማል። እነዚህን ሦስቱን ማንበብ ከተለመደ ሰዓት አያስፈልግም። የሚገርመው፣ በኋላ ልብ ብዬ ሳየው ከደቂቃ አንዴው ብዙም አልራቅሁም፤ ግን መጀመሪያ ላይ ፋታው ይረዝማል፣ መሐል ላይ ያጥራል፣ ወደ መጨረሻው እንደገና ይረዝማል።

አሳሳቡም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ጉንጭ እስኪሰረጉድ መሳብ አያስፈልግም። አጠር ለስለስ አድርጎ ስቦ፣ ጢሱን አፍ ውስጥ ለአፍታ አቆይቶ መልቀቅ ይበቃል። አንዳንዴ ከመሳብ በፊት በጣም ቀስ ብዬ በሲጋሩ ውስጥ ወደ ውጭ እተነፍሳለሁ። ውስጡ የቆየውን የተጠራቀመ ጢስ ያስወጣዋል፣ ጎምዛዛነቱንም ይቀንሳል። ከመሐሉ በኋላ በተለይ ይጠቅማል።

አመዱን መተው መልመድ ግን ደስ ይላል። ከረጅም ቅጠል የተጠቀለለ ሲጋር ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አመድ ሳይጥል ይይዛል፤ አመዱም ፍሙን ከነፋስ ይከልለዋል። አመዱ መዘንበል ሲጀምር መተርኮሻው ጠርዝ ላይ ዞር አድርጎ ማሳረፍ ነው እንጂ በጣት መምታት የለም። አመዱን እስከ ጥግ አርዝመው ለማሳየት የሚወዳደሩ አሉ፤ ሸሚዛቸው ላይ ሲወድቅ አይቻለሁና ያንን ለእነሱ ትቻለሁ።

ፍጥነት የሚወሰነው ግን ከመለኮሱ በፊት ነው። ይህን ለመረዳት ጊዜ ይወስዳል፤ ምክንያቱም ሰው የሚመለከተው አፉን እንጂ ሳጥኑን አይደለም። ሲጋር የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ ከ65 እስከ 70 በመቶ የአየር እርጥበት ባለው ሳጥን ውስጥ ነው። ብዙ ሰው 70ን ይመርጣል፤ እኔ 65ን። እርጥበት የበዛበት ቅጠል ያብጣል፣ አየር ማሳለፉ ይቀንሳል፣ እሳቱም ይጠፋል። ያን ጊዜ አጫሹ እንዳይጠፋበት አጥብቆ ደጋግሞ ይስባል፣ ሲጋሩም ይግላል። ቀስ ብዬ አጨሳለሁ የሚል ሰው ሳይወድ በግዱ ይቸኩላል። የደረቀው ደግሞ በተቃራኒው ማንም ሳይስበው እንደ ገለባ ይነዳል። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ መግዛት ከአንድ ውድ ሲጋር የበለጠ ጥቅም አለው ብዬ አምናለሁ።

አቆራረጡም እንዲሁ። ቆቡን፣ ማለትም አፍ የሚገባውን ጫፍ የሚዘጋውን ቅጠል፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ማንሳት በቂ ነው። ከዚያ በላይ ወርዶ ከቆረጡት ልባሱ መፈታት ይጀምራል፤ ቀዳዳው ካነሰ ደግሞ ጢሱ በጠባብ በኩል ሲያልፍ ሬንጁ እዚያው ይጠራቀማል። ሳይለኩሱ አንዴ ስቦ አየሩ እንዴት እንደሚያልፍ መሞከር ያስፈልጋል። አልፎ አልፎ በጣም የጠበቀ ይገጥማል፤ ከእሱ ጋር አልታገልም፣ መልሼ አስቀምጬ ሌላ አነሣለሁ።

ስለኩስ እሳቱን አላስነካውም። ነበልባሉን ከጫፉ ትንሽ ዝቅ አድርጌ፣ ሲጋሩን እያዞርኩ፣ ጠርዙ ዙሪያውን እስኪጠቁር አሞቀዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው የምስበው። የቤንዚን ላይተር ሽታው ቅጠሉ ላይ ስለሚቀር ቡቴን ጋዝ ወይም ረዘም ያለ ክብሪት ይሻላል፤ ክብሪትም ከሆነ ድኙ ነዶ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። ከተለኮሰ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል መተው ይወዳል። ዙሪያውን እኩል ያልተያያዘ ሲጋር በአንድ በኩል እየሸሸ ይነዳል፤ ያንን ለማስተካከል ብዙ ሰው በኃይል ይስባል፣ በኃይል ሲስብ ይግላል። የዘገየውን ጎን ወደ ታች አዙሮ ለጥቂት ጊዜ መተው ብዙውን ጊዜ ያስተካክለዋል። ፍሙ አየር ከታች ስለሚያገኝ የታችኛው ጎን ፈጠን ብሎ ይነዳልና።

መጠኑንም በጊዜዬ ልክ መምረጥ ለመድኩ። የሲጋር ውፍረት የሚለካው በኢንች 64ኛ ነው፤ 50 ሲባል ሁለት ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ሮቡስቶ የሚባለው 50 ውፍረት ኖሮት 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ እኔን ከአርባ አምስት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያቆየኛል። ቸርችል 47 ሆኖ ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ እሱ ሙሉ ከሰዓት ይፈልጋል። ሃያ ደቂቃ ብቻ ካለኝ «አጭር ሲጋር ላጭስ» አልልም፤ አላጨስም። በቁርጥ ሰዓት የተለኮሰ ሲጋር ተቻኩሎ ያልቃል፣ ወይም ግማሹ ይጣላል።

ከሰው ጋር ሲሆን ፍጥነቱ ሌላ ነው። የሚያወራ ሰው ሲጋሩ ይጠፋበታል፤ የሚያዳምጥ ሰው ሲጋሩ ይግልበታል። ክርክር ከተነሣ ደግሞ ሁሉም እንደ ባቡር ያጨሳል። ብቻዬን ስሆን ስልኬን አርቃለሁ፤ ዓይን ስክሪን ላይ ሲተከል እጅ የራሱን ሥራ ይሠራል። ሲጋሩ ቢጠፋ አልጨነቅም። አመዱን አራግፌ፣ ውስጡ የቀረውን ጢስ ተንፍሼ አስወጥቼ እንደገና እለኩሳለሁ። ይህ የሚሠራው ገና ሳይቆይ ነው። ጠፍቶ ያደረ ሲጋር ማጨስ ቁጠባ አይደለም፣ ቅጣት ነው።

ዝግታን ስፖርት ያደረጉትም አሉ። በክሮኤሺያዋ ስፕሊት ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ሲጋርን ቀስ ብሎ የማጨስ ውድድር ይካሄዳል። ከተወዳዳሪዎቹ የበረቱት ማሬቫ የሚባለውን 42 ውፍረት ያለው ትንሽ ሲጋር እሳቱ ሳይጠፋ ከሦስት ሰዓት በላይ ያቆዩታል። እኔ ይህን ያህል ስዘገይ እሳቱ ይታመማል፤ ጢሱ ይሳሳል፣ የከሰል ጣዕም ብቻ ይቀራል። ቀስ ማለት ራሱ ድንበር አለው፤ ሲጋር ለብ ብሎ መኖር አለበት እንጂ ሊሞት ሲል እየተነቀነቀ መኖር የለበትም።

ስለ ጤና ሳልናገር ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ቀስ ብሎ ማጨስ ጣዕሙን ያሻሽላል እንጂ ሲጋርን ደህና አያደርገውም። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ ሲጋር ብቻ ባወጣው ሰፊ ሪፖርት፣ ጢሱን ወደ ሳንባ የማያስገቡ አጫሾችም ለአፍ፣ ለጉሮሮና ለምግብ ቧንቧ ካንሰር እንደሚጋለጡ አስፍሯል። አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ፓኬት ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል። አልኮል ሲጨመርበት የአፍና የጉሮሮው አደጋ ይብሳል፤ ስለዚህ ከጎኔ የማስቀምጠው ውሃ ነው። በባዶ ሆድ አላጨስም፤ ኒኮቲኑ ሲከብድ ማቅለሽለሽ ይመጣልና። ከመጣም ሲጋሩን ትቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ጣፋጭ ነገር መቅመስ ነው። ልጆች ባሉበት ወይም በተዘጋ ክፍል አልለኩስም።

ምን ያህል ጊዜ እንደማጨስ የወሰነልኝም ይኸው ዝግታ ነው። ለአንድ ሲጋር አንድ ሰዓት ያህል ባዶ ጊዜ ካስፈለገ በየቀኑ አይገኝም። አንዳንድ ቀን ግን ጊዜውም ስሜቱም ሳይኖረኝ «ሰዓቱ ደረሰ» የሚል ነገር ውስጤን ይገፋኛል። ያን ቀን ሆን ብዬ እተወዋለሁ፤ የጠራኝ ሱሱ ነውና።

መጨረሻው ሲሶ ላይ ብዙ ክርክር አለ። እስከ ጥፍር የሚያወርዱት አሉ፣ ቀለበቱ (ሲጋሩ ላይ የሚጠመጠመው የስም ወረቀት) ጋ ሲደርስ የሚያቆሙ አሉ። ሲጋር እያጠረ ሲሄድ ጢሱ ለመብረድ የሚጓዝበት ርቀት ያጥራል፣ ከላይ የተከማቸው ኒኮቲንና ሬንጅም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ቀለበቱን መለኪያ አላደርገውም፤ ፋታውን አርዝሜም ጢሱ ከንፈሬን ማሞቁን ካልተወ በቃኝ እላለሁ። ሲጋራ እንደሚተረኮስ አልተረኩሰውም፣ ሽታው ይከረፋል። መተርኮሻው ላይ ስተወው በራሱ ይጠፋል።

እስካሁን ያልገራሁት ላንሴሮ የሚባለውን ቀጭንና ረጅም ሲጋር ነው። 38 ውፍረት፣ 19 ሴንቲ ሜትር ግድም ርዝመት። ትንሽ ፈጠን ስል ይግላል፣ ትንሽ ዘግየት ስል ይጠፋል፤ የሚፈቅደው ልክ በጣም ጠባብ ነው። ለእሱ ብቻ እርጥበቱን ወደ 62 ዝቅ አድርጌ ማስቀመጥ ጀምሬያለሁ፤ አየር የማሳለፉ ነገር ተሻሽሏል፣ እሳቱም እንደ በፊቱ ቶሎ ቶሎ አይጠፋም። ቢሆንም እሱን ሳጨስ መተርኮሻው ላይ የማስቀመጡን ልማድ ትቼ በእጄ ይዤ እቆያለሁ፤ ፋታው አጭር ስለሆነ።