ዩ የማይከተላቸው የኪው ቃላት

ሰሞኑን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከፍቼ ኪው በሚባለው ፊደል የሚጀምሩ አጫጭር ቃላትን ከላይ እስከ ታች እያነበብኩ ነው። ክፍሉ ቀጭን ነው፤ ቶሎ ያልቃል። ከሞላ ጎደል ሁሉም ቃላት መልካቸው አንድ ነው፤ ኪው ከተጻፈ ዩ ይከተላል። ክዊት መተው፣ ማቆም ነው። ክዊፕ ሹል ጨዋታ፣ ክዊድ ደግሞ እንግሊዞች በአፍ ንግግር አንድ ፓውንድ የሚሉበት ቃል። ክዊዝ ዛሬ አጭር ፈተና ወይም የጥያቄና መልስ ውድድር ቢሆንም፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ከሰው ለየት ያለ፣ ግራ የሚያጋባ ሰው ይጠራበት ነበር።

እኔን የያዙኝ ግን ኪውን ዩ የማይከተልባቸው ጥቂቶቹ ናቸው። ቃዲ አለ፣ በሸሪዓ የሚፈርድ ዳኛ። ቃት አለ፣ እኛ ጫት የምንለው። ቆፍ አለ፣ የዕብራይስጥ ፊደል ስም። በኪው የሚጨርስም ሱቅ አለ፣ ትርጉሙም የገበያ ስፍራ። አማርኛ አንባቢ እነዚህን ሲያይ መዝገበ ቃላቱ የባዕድ መሆኑን ለአፍታ ይረሳል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ካዲ፣ ካት፣ ሱክ ብሎ ያልፋቸዋል፤ ድምፁ በአፉ ውስጥ የለም። በእኛ አፍ ግን አለ፣ ፊደልም አለን፦ ቀ።

ነገሩ አጋጣሚ አይደለም። ኪው የተወለደው ለዚህ ድምፅ ነው። ፊንቄያውያን ቆፍ ይሉት የነበረውን ፊደል ግሪኮች ወስደው ኮፓ አሉት። ይሁንና ቋንቋቸው ከ«ክ» የተለየ የ«ቅ» ድምፅ ስላልነበረው ፊደሉ ቀስ በቀስ ከጽሑፍ ወጣ። የቆሮንቶስ ሰዎች በሳንቲሞቻቸው ላይ ይቀርጹት ነበር። በቁጥርነት ግን 90 ሆኖ ቆየ። የግዕዝ ቁጥሮች የመጡት ከግሪክ ፊደላት ነውና፣ ፺ን በጻፍን ቁጥር የዚያን የተጣለ ፊደል ዱካ እየጻፍን ነው። በፊደል ገበታችን ደግሞ ራሱ ቀ ቆሟል፤ የግዕዝ ስሙም ቃፍ ነው። አንዱ ዘር በሁለት መንገድ መጥቶ እኛ ዘንድ ተገናኘ ማለት ነው። ይህን ሳስብ በጣም ደስ ይለኛል።

ሮማውያን ፊደሉን ከዩ ጋር አጣመሩት፤ ልማዱም በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ደረሰ። ድሮ እንግሊዞች ንግሥት የሚለውን ቃል በሲ ነበር የሚጀምሩት፤ ሕያው ማለት የነበረውን፣ ዛሬ ፈጣን ማለት የሆነውን ክዊክንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ጸሐፍቱ ሲንና ደብልዩን እያነሱ ኪውና ዩ ተኩ። ሁለት ፊደል አሰልፎ አንድ ድምፅ ማጻፍ ለእኔ አድካሚ ይመስለኛል። የግዕዝ ሊቃውንት ከንፈር ለሚሞጠሞጥለት ድምፅ በቀ ላይ ምልክት ጨምረው ቈ፣ ቊ፣ ቋ፣ ቌ፣ ቍ ብለው ጨረሱት።

ፊደል በተጻፈባቸው ጠጠሮች ቃል እየሠሩ ነጥብ የሚሰበስቡበትን ስክራብል የሚጫወት ሰው የዩ አለመኖር ምን ማለት እንደሆነ በእጁ ያውቀዋል። ከ100ዎቹ ጠጠሮች ኪው አንድ ብቻ ናት፤ ዋጋዋ 10 ነጥብ። ዩ አራት ናቸው። አራቱም ከወጡ ያቺ ውድ ጠጠር እጅ ላይ ትቀራለች፤ ያኔ ነው ቃዲና ቃት የሚፈለጉት። ተጫዋቾች እነዚህን ቃላት ትርጉማቸውን ሳይጠይቁ በቃላቸው ይይዛሉ፤ ይህ ያሳዝነኛል። ዳኛው፣ ቅጠሉ፣ ገበያው ሁሉ ወደ ነጥብነት ይለወጣል።

አጻጻፋቸውም ወጥ አይደለም። ቃዲ በሲም በኬም ይጻፋል፤ ቃት በኬ፣ ሱቅም በመጨረሻው ኬ ይገኛል። ከዐረብኛ የሰማ ሁሉ ጆሮው የመራውን ፊደል ስለጻፈ ነው። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ ሁልጊዜ ኪውን እመርጣለሁ፤ «ከ» እና «ቀ» የተለያዩ መሆናቸውን የሚጠብቅልን እሱ ብቻ ነውና። እንግሊዝኛ ለሚማር ታናሽ ወንድም ወይም እህትም የምለው ይኸው ነው፦ ኪው ያለ ዩ ስታገኝ በልብህ «ቅ» ብለህ አንብበው፣ የቃሉ አገር ወዲያው ይገለጥልሃል።

ቺ ላይ ግን ይህ አይሠራም። በኪውና በአይ ብቻ የሚጻፈው፣ በቻይናውያን አስተሳሰብ የሕይወት ኃይል ማለት የሆነው ቃል የመጣው በሌላ በር ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1958 ባጸደቀችው ፒንዪን በተባለው የላቲን አጻጻፍ ኪው የተሰጠችው ለ«ች» ቅርብ ለሆነ ድምፅ ነው። በሰሜን አሜሪካ የስክራብል ውድድር ቃሉ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ እዚያ ከሚፈቀዱት ባለሁለት ፊደል ቃላት ኪው ያለበት እሱ ብቻ ነው።